ያልተረጎምኩት ጥያቄ

ጅግጅጋ ውስጥ የእኔን ግቢ ከጎረቤቴ ግቢ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። ከአጥሩ ማዶ የምትኖረውን ሴት ከልጅነቴ ጀምሮ «ኤዶ» ነው የምላት፤ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው። እሷም እኔን «ኤዶ» ትለኛለች። በሶማሌ ልማድ አክስት የወንድሟን ልጅ መልሳ በራሷ መጠሪያ ስለምትጠራ፣ እኛም በዝምድና ሳንገናኝ እንደዚያው ሆነን ቀረን። አያቴ ከመሀል አገር በወታደርነት መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ነበሩ። እናቴ ከሞተች በኋላ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ከመሥሪያ ቤት ስመለስ፣ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ፣ ከአጥሩ ማዶ «ኤዶ፣ በላሽ?» የሚል ድምፅ ይመጣል። መልሴን ሳትጠብቅ ሳህኑን በአጥሩ ላይ ታሻግረዋለች።

እኔ የምጨነቅ ሰው ነኝ። ጭንቀቴ የሚጀምረው ደግሞ ከሆዴ ነው። አለቃዬ በመዝገብ ቤቱ በር ብቅ ብሎ «ነይ እስቲ» ካለኝ፣ ለምን እንደጠራኝ ሳላውቅ ገና የበላሁት ምሳ ባለበት ይቆማል። ሰው ስልክ ደውሎ ዝም ካለ ይቆማል። ከዚያ ለሰዓታት ምንም ነገር አይወርድልኝም።

በሁለት ሺህ አስር ክረምት ከተማው ታምሶ የመሀል አገር ሰው የተባለ ሁሉ ቤቱ ሲጠቃ፣ ኤዶ አንዱን ቆርቆሮ በመዶሻ ፈልቅቃ በአጥሩ በኩል ወደ ቤቷ አስገባችኝ። ሦስት ቀን ከጓዳዋ አልወጣሁም። ከውጭ ጩኸት ይሰማል፤ የጎማ ጭስ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል። እሷ በሯ ላይ በርጩማ አስቀምጣ ተቀምጣለች፤ የሚያልፈውን ሁሉ በስሙ እየጠራች ሰላም ትላለች፤ ማንም አልገባባትም። ሩዝ ስታቀርብልኝ አልዋጥልኝ አለ። የመጀመሪያውን ጉርሻ በግድ ብውጠው ጉሮሮዬ ሥር እንደ ድንጋይ ተቀመጠ።

«ተይው፤ አታስገድጂው» አለችኝ። «ሆድሽ ፈርቷል። ሆድ ሲፈራ ሥራ ያቆማል።»

ውሃ በማንኪያ እያደረገች ሰጠችኝ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ግን እሷ ራሷ ቶሎ ተነስታ ወደ ጓሮ ወጣች። ስታስመልስ ሰማሁና ተከተልኳት። ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። መሬቱ ላይ ያየሁት ያን ዕለት የበላችው አልነበረም። ያን ቀን ከሻይ በቀር ምንም አልቀመሰችም። የትናንቱ ሩዝ ነው፤ ፍሬ በፍሬው፣ እንደተበላ።

«ድንጋጤ ነው» አለችና አፏን በትከሻ መደረቢያዋ፣ በጋርባሳሯ ጫፍ ጠረገች። አመንኳት። የእኔም ሆድ ቆሞ ስለነበር ለማመን አልተቸገርኩም።

ከተማው ተረጋጋ፤ እኔም ወደ ቤቴ ተመለስኩ። የተፈለቀቀውን ቆርቆሮ ማናችንም መልሰን አልመታነውም፤ መተላለፊያ ሆኖ ቀረ። የእኔ ሆድ ከሳምንት በኋላ ሥራውን ቀጠለ። የእሷ ግን አልቀጠለም። ማታ ማታ እኔ የበላሁበትን ሳህን ስታነሳ እንጂ ደህና አድርጋ ስትበላ አላያትም። ሁለት ጉርሻ ትበላና «ጠገብኩ» ትላለች። ድሮ የእጇን አንጓ የማያልፈው የመዳብ አምባር እስከ ክርኗ ወጥቶ መውረድ ጀመረ። «ሐኪም ቤት እንሂድ» ስላት፣ «አርጅቼ ነው፤ ያረጀ ሰው ምን ያደርግለታል ምግብ» ብላ ትስቃለች።

ጉልበቷን የሚያማት ከብዙ ዓመት ጀምሮ ነው። ድሮ አንድ ሐኪም ለአሥር ቀን ብሎ ማስታገሻ ክኒን አዘዘላት። አሥሩ ቀን አለቀ፤ ክኒኑ ግን አልቆመም። በየሳምንቱ ከሥራ ስመለስ ከፋርማሲ የማመጣላት እኔ ነበርኩ። ፋርማሲስቱ ወረቀት መጠየቅ ከተወ ቆይቷል፤ ከሩቅ ሲያየኝ እጁን ወደ መደርደሪያው ይሰዳል። እኔም ደስ እያለኝ ነበር የምገዛው። ለዚያች ሴት ላደርግላት የምችለው ሌላ ምንም ነገር አልነበረኝም።

በጥር ወር አንድ ቀን ልጇ መጣ። አይሱዙ እየነዳ በቶጎ ውጫሌ መንገድ የሚመላለስ ሰው ነው፤ እቤት የሚያድረው በወር ሁለቴ ቢሆን ነው። እናቱን ሲያያት በሩ ላይ ቆመ። ከዚያ በቆርቆሮው ቀዳዳ ወደ እኔ መጣ።

«እህቴ፣ ነገ ሐኪም ቤት ውሰጃት። እኔ ጭነት አለብኝ። ደግሞ ሐኪሙ ከመሀል አገር የመጣ ነው አሉ። የእኔ አማርኛ የመንገድ ነው፤ ሐኪም ፊት አይሆንም። አንቺ ሁለቱንም ታውቂያለሽ።»

ሌሊቱን ስጨነቅ አድሬ ጠዋት በባጃጅ ሄድን። ተራ ስንጠብቅ ስምንት ሰዓት ሆነ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ድካም የሚታይበት፣ ግን ሰው የሚያዳምጥ።

«ቁርስ መቼ በሉ?» አለ ወደ እሷ እያየ። እሱ «እርስዎ» ይላታል፤ ሶማሊኛው እንደዚያ የሚል ነገር ስለሌለው እኔ «አንቺ» እያልኩ አቀብላለሁ።

«አንድ ሰዓት ላይ፤ ሻይ በለሆህ» አለች። ለሆህ እንደ ስስ እንጀራ ያለ የሶማሌ ቂጣ ነው።

አስተኛት። ሆዷን ገልጦ ዝም ብሎ አየ። እኔም አየሁ። ከጎድን አጥንቷ ሥር ከግራ ወደ ቀኝ የሆነ ነገር በቆዳዋ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲሄድ ይታያል፤ ይደርስና ይጠፋል፣ እንደገና ከግራ ይነሳል። ሐኪሙ ማዳመጫውን ሆዷ ላይ አድርጎ ዳሌዋን በሌላ እጁ ያዘና ነቅነቅ አደረጋት። ከዚያ ማዳመጫውን ለእኔ ሰጥቶኝ ዳግም ነቀነቃት። ጀሪካን ውስጥ ግማሽ ድረስ ያለ ውሃ ሲንቦጫቦጭ ሰማሁ።

«ከበሉ ሰባት ሰዓት ሆኗቸዋል» አለ። «ይሄ ጨጓራ አሁን ባዶ መሆን ነበረበት።»

ወረቀት አውጥቶ ሣለ። ጎበጥ ያለ ከረጢት፣ ከላይ ቱቦ፣ ከታች ጠባብ አንገት።

«እንዲህ ብለሽ ንገሪያቸው። ጨጓራ ዝም ብሎ የሚሞላ ስልቻ አይደለም። ምግቡ ገና ሲሸት፣ ገና ሲታይ፣ ከአንጎል የሚወርድ ነርቭ አለ፤ ተዘጋጅ ይለዋል። አሲድ ማመንጨት ይጀምራል። ምግቡ ሲገባ ለቀቅ ብሎ ቦታ ይሰጠዋል። ከዚያ ያሸዋል፣ ይፈጨዋል፣ እንደ ቀጭን አጥሚት እስኪሆን። በስተመጨረሻ በዚህች በታችኛዋ በር በትንሽ በትንሹ ይለቀዋል። በአንዴ አይለቅም። ከታች ያለው ትንሹ አንጀት ሲበዛበት፣ ቆይ ብሎ መልእክት ይልካል፤ በደም በኩልም በነርቭም። ጨጓራውም ይጠብቃል።»

ለሆድም ለጨጓራም በሶማሊኛ የማውቀው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ዓሎል»። «ነርቭ» ለሚለው ምንም ቃል አጣሁና «ገመድ» አልኳት፤ ከራስ እስከ ሆድ የሚወርድ ገመድ። ኤዶ ወረቀቱን ይዛ ብዙ አየችው።

«ልጄ መንገድ ላይ እንደሚቆምበት ኬላ ነው» አለች። «አንድ መኪና ያሳልፋሉ፣ ሌላውን ያቆማሉ። የእኔ ኬላ ተዘግቷል ማለት ነው?»

ስተረጉምለት ሐኪሙ ሳቀ። «ልክ ናቸው። ተዘግቷል። ምን እንደዘጋው ግን ማወቅ አለብን። ቁስል ሆኖ፣ ሲድን ሲመለስ ጠባሳው አጥብቦት ሊሆን ይችላል። ሌላ ነገርም ሊሆን ይችላል።»

ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀመጠና ጠየቀኝ። «የጉልበት፣ የወገብ፣ የራስ ምታት ማስታገሻ አዘውትረው ይወስዳሉ? ጨጓራ የገዛ አሲዱ እንዳይበላው የሚከላከልለት ዝልግልግ ሽፋን አለው። እነዚያ ክኒኖች ያንን ሽፋን ያሳሱታል። ሰው ዝም ብሎ ይውጣቸዋል። ጠይቂያቸው።»

ቦርሳዬ ጭኔ ላይ ነበር። ውስጡ ትናንት የገዛሁት ፓኮ አለ። ሆዴ ቆመ፤ ሲቆም ታወቀኝ። ወደ ኤዶ ዞርኩና በሶማሊኛ «ራስሽን ያምሻል?» አልኳት።

«ራሴን? አያመኝም» አለች ግራ ገብቷት።

«አትወስድም» አልኩት።

ይህን የማደርግ ሰው ነኝ ብዬ አላውቅም ነበር። አቅጄም አይደለም። ሐኪሙ ጻፈ፤ ወረቀቱን ገለበጠ፤ ጊዜው አለፈ። በኋላ አስተካክለዋለሁ አልኩ። ፓኮውን ማታ ጓሮ ወስጄ ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩት፤ አዲስ ካልገዛሁላት ነገሩ በራሱ ያበቃል ብዬ።

ያኑ ዕለት ሆስፒታል አስተኟት። በአፍንጫዋ ቀጭን ቱቦ አስገብተው የቆየውን ምግብ አወጡላት፤ ሁለት ቀን ሙሉ ወጣ። ክንዷ ላይ ጉሉኮስ ተሰቀለ። በሦስተኛው ቀን ካሜራ ያለው ቱቦ በጉሮሮዋ አስገብተው አዩ። ሐኪሙ ሲወጣ «በሩ ላይ ጠባሳ አለ፤ እስክሪብቶ እንኳ አያሳልፍም። ጠርዙ ላይ አዲስ ቁስልም አለ። ከሥጋው ትንሽ ቆርጠን ለምርመራ አዲስ አበባ እንልካለን» አለኝ።

ልጇ ጭነቱን አራግፎ መጣና ኮሪደር ላይ ያዘኝ።

«ያ ክፉ በሽታ እንደሆነ ነው የሚያዩት፣ አይደል?»

«እያረጋገጡ ነው።»

«ከሆነ እንዳትነግሪያት። በአላህ። ስሙን ከሰማች በስሙ ነው የምትሞተው። በአንቺ አፍ ካልሆነ አታውቀውም።»

እሺ አልኩት። አሁን የምደብቀው ሁለት ሆነ። ጠዋት ሥራ እገባለሁ፤ መዝገብ ስፈልግ ቁጥሩን እያየሁ አላየውም። በምሳ ሰዓት ወደ ሆስፒታል እሮጣለሁ። እኔ ራሴ በቀን የምበላው ከአንድ ዳቦ አይበልጥም ነበር፤ እሱም ደረቴ ላይ ያቃጥለኛል። ስልኬ በጠራ ቁጥር ውጤቱ መጣ እላለሁ። ኤዶ ደግሞ አልጋዋ ላይ ሆና ፊቴን ታነባለች። «ምን አለ ዛሬ?» ትለኛለች። «ደህና ነሽ አለ» እላታለሁ።

አንድ እሁድ ጠዋት ስገባ ነርሷ ከአልጋው ሥር ዕቃ ይዛ ስትወጣ በር ላይ ተገናኘን።

«ሰገራዋ ጠቁሯል» አለችኝ። «እንደ ሬንጅ። ደም ነው። ጨጓራ ውስጥ ሲደማ ደሙን አሲዱ ያጠቁረዋል።»

ኤዶ ከንፈሯ ነጥቷል። እጇን ስይዛት ቀዝቃዛ ነው። የጋርባሳሯ ጫፍ ላይ ቋጠሮ አየሁ፤ ሴቶች ገንዘብ የሚቋጥሩበት ዓይነት። ፈታሁት። ሦስት ክኒን። እኔ የገዛሁላት ናቸው፤ ከድሮው ፓኮ።

«ይሄ አልጋ ጉልበቴን ገደለው» አለች በደከመ ድምፅ። «አንድ አንድ ብቻ ነው የምውጠው። ምነው፣ ከልክለውኛል እንዴ?»

አልከለከሏትም። የሚከለክላት ጥያቄ እኔ ጋ ቀርቷል። ተዘግቶ የቆመ ጨጓራ ውስጥ እያንዳንዱ ክኒን የሚሄድበት አጥቶ እዚያው ቁስሉ ላይ ሲቀመጥ ታየኝ። ሐኪሙን ሌላ ክፍል ውስጥ አገኘሁት። ክኒኖቹን መዳፌ ላይ አድርጌ አሳየሁት።

«የመጀመሪያ ቀን ሲጠይቁኝ አልተረጎምኩላትም» አልኩት። «ለዓመታት ስትወስድ ነበር። የምገዛላት እኔ ነኝ። ፈርቼ ነው።»

አልጮኸብኝም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ክኒኖቹን ከእጄ ወሰደና «እዚያ ክፍል ውስጥ አንቺ የራስሽ አፍ የለሽም» አለኝ። «የሳቸው አፍ ነሽ። ያልተናገሩትን ብትጨምሪ፣ የተጠየቁትን ብትቀንሺ፣ እኔ የማክመው ሌላ ሰው ነው።» ከዚያ እየሮጠ ወደ እሷ ሄደ።

ያን ቀን ደም ተሰጣት። ልጇና አብረውት የሚነዱ ሁለት ጓደኞቹ ለገሱ። አሲዱን የሚቀንስ መድኃኒት በደም ሥሯ ሰጧት፤ በማግስቱ መድማቱ ቆመ። እኔ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጥያቄውን፣ ራስ ምታት ብዬ እንዳዞርኩት፣ ጉድጓድ ውስጥ የጣልኩትን ፓኮ።

ይቅር የምትለኝ መስሎኝ ጠበቅሁ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በማግስቱ ሐኪሙ ሲመጣ፣ ሶማሊኛ የምትችለዋን ነርስ ጠርታ በእሷ በኩል አናገረችው። እኔ እግሯ ሥር ቆሜ ነበር። ሁለት ቀን እንደዚያ ሆነ። ንጹሕ ልብስ አምጥቼ እሄዳለሁ፤ ሰላምታዬን ትመልሳለች፤ ሌላ ቃል የለም። እነዚያ ሁለት ቀናት ከጓዳው ሦስት ቀናት ይልቅ ከበዱኝ።

በሦስተኛው ቀን «ነይ ተቀመጪ» አለችኝ። «ነርሷ ደህና ልጅ ናት፤ ግን አሳጥራ ነው የምትነግረኝ። ሥራ አለባት። አንቺ ቁጭ ብለሽ ትነግሪኛለሽ። አሁን ጠይቄሽ ብትዋሺኝ ግን ዳግም አጥሬን እንዳታልፊ። ወደ አዲስ አበባ የላኩት ሥጋ ምን ሊሉት ነው?»

የልጇ ፊት ታየኝ። እሺ ያልኩት ታየኝ። ግን ተናገርኩ። «ካንሰር እንዳይሆን ብለው ነው።»

«አውቄዋለሁ» አለች። «ልጄ ሁለት ሳምንት ሙሉ ፊቴን ሳያይ ነው የሚያወራኝ። አልፈራም አልልሽም። እፈራለሁ። ግን ብቻዬን ስፈራ ነበር፤ አሁን ሁለት ሆንን።»

እጇን ዘረጋችልኝ፤ ያዝኳት። ከሰዓት በኋላ ልጇ ሲመጣ ራሷ ነገረችው። ተቆጣኝ፤ ለብዙ ጊዜም አኩርፎኝ ነበር። አልፈረድኩበትም።

ውጤቱ ከአራት ቀን በኋላ መጣ። ሐኪሙ ወረቀቱን ይዞ ሲገባ ፊቱን አይቼ መገመት አልቻልኩም። «ካንሰር የለም» አለ። «ቁስልና ጠባሳ ነው። ቁስል የሚያመጣ ባክቴሪያም ተገኝቷል፤ እሱን በመድኃኒት እናጠፋለን። ስለዚህ ጥፋቱ የክኒኑ ብቻ አይደለም።» የመጨረሻዋን ወደ እኔ እያየ ነው ያላት። ተረጎምኩ። ለራሴ የምትጠቅመውን ዓረፍተ ነገር ስተረጉም ድምፄ ሲንቀጠቀጥ ኤዶ ሰምታ «በደንብ አድርገሽ ንገሪኝ እንጂ» አለችኝ።

ቀጥሎ የቀዶ ሕክምናው ጉዳይ መጣ። ሐኪሙ የድሮውን ሥዕል እንደገና ሣለ። ጠባሳ የያዘውን በር አይነኩትም፤ ከጨጓራው ጎን ሌላ መውጫ ከፍተው ከትንሹ አንጀት ጋር ይሰፉታል። አሲዱም እንዳይበዛ፣ ከአንጎል የሚወርደውን ነርቭ ይቆርጡታል።

«ገመዱን?» አለች ኤዶ ደንግጣ። «ገመዱ ከተቆረጠ እንደራበኝ በምን አውቃለሁ?»

«ያውቃሉ» አለ ሐኪሙ። «ርሃብ በአንድ መንገድ ብቻ አይመጣም፤ በደም የሚሄድ መልእክትም አለ። ግን ጨጓራዎ እንደ ድሮው አይታዘዝም። አዲሱ መውጫ ደግሞ የሚከፍተውም የሚዘጋውም የለም። ምግቡ እንደመጣ ይወርዳል። ስለዚህ ጥቂት ጥቂት ይበላሉ፣ ቶሎ ቶሎ ይበላሉ። የሚጠጣ ነገር ከምግብ ጋር አይደለም። ጣፋጭ ነገር አይነኩም።»

ቃል በቃል ተረጎምኩ። አንድም አልቀነስኩም።

ቀዶ ሕክምናው ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ልጇና እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጠን ነበር፤ ያኔ ገና አኩርፎኛል፤ አንድ ጠርሙስ ውሃ ግን ሳያናግረኝ አቀበለኝ። መጠጣት አልቻልኩም፤ ይዤው ቆየሁ። ሐኪሙ ቆቡን አውልቆ ሲወጣ «ደህና ናቸው» አለን። ከሃያ ቀን በኋላ ቤቷ ገባች።

በዚያው ሳምንት ነው ሞተች ያልኩት። ዘመዶቿ ሊጠይቋት መጥተው ቤቱ ሞልቷል። ሻይ ተፈላ፤ የሶማሌ ሻይ፣ ወተት የበዛበት፣ ስኳሩ ማንኪያ የሚያቆም። ከወራት በኋላ መጀመሪያ የጠጣችው ሙሉ ብርጭቆ ነበር። ዓይኗን ጨፍና ጠጣችው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ግንባሯ ላይ ላብ አቸፈቸፈ። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ልቤ፣ ልቤ» አለች። ፊቷ አመድ መሰለ፤ ወደ ጎን ዘንበል ስትል ያዝኳት። አንዲት ዘመዷ ቁርአን መቅራት ጀመረች። ሐኪሙ ሲያስወጣት የሰጠኝን ስልክ ቁጥሩን ስደውል ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ።

«ምን ጠጡ?» አለ ስነግረው።

«ሻይ ብቻ።»

«ስኳር ያለው?»

«አዎ፤ ብዙ።»

«ስሚኝ፤ አይሞቱም። አስተኚያቸው። ስኳሩ ሳይጠበቅ አንጀት ውስጥ ዘጭ ሲል፣ አንጀቱ ከደም ውሃ ይስባል። ድሮ በሩ በትንሽ በትንሹ ስለሚለቀው ነበር እንደዚህ የማይሆነው። ግማሽ ሰዓት ጠብቂና ካልተሻላቸው አምጪያቸው።»

አስተኛኋት። ትራሱን ከራሷ ሥር አወጣሁ። ግማሽ ሰዓቱን የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ ጨረስኩ። ላቧ ደረቀ፤ መልኳ ተመለሰ። ዓይኗን ስትገልጥ ተቆጣኋት፤ በሕይወቴ ኤዶን የተቆጣሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ጣፋጭ አትንኪ ብሏል! ራሴ ነግሬሻለሁ!»

«ጣፋጭማ አልነካሁም» አለችኝ ከልቧ ተገርማ። «ከረሜላ አልበላሁ፣ ሐልዋ አልበላሁ። ይሄ እኮ ሻይ ነው።»

ቃሉን ተርጉሜው ነበር፤ ግን የማናችንም ቤት ሻይን ጣፋጭ ብሎ ጠርቶት አያውቅም። ከዚያ በኋላ የምትበላውን የምትጠጣውን አንድ በአንድ ተነጋገርን፤ ሩዙን፣ ፓስታውን፣ ተምሩን፣ ወተቱን። ስኳር የሌለው ሻይ ስትጠጣ ፊቷን ታጨማድዳለች፤ ግን ትጠጣለች። በቀን ስድስት ጊዜ ትበላለች፤ በትንሿ የቡና ስኒ ማስቀመጫ እያደረግኩ። ከበላች በኋላ ጋደም ትላለች። ረመዳን ሲመጣ እንዳትጾም ሐኪሙ ከለከላት፤ ያን ቀን ብቻ አለቀሰች። በምትኩ በየቀኑ አንድ የሚያፈጥር ሰው ቤቷ ማስገባት ጀመረች፤ ሳህኑን የምትሞላው ራሷ ናት።

ጉልበቷን አሁንም ያማታል። ማታ በሞቀ ጨርቅ እጠቀልልላታለሁ፤ ሌላ ማስታገሻ ሐኪሙ ቆጥሮ ያዘዘላት አለ። እኔ ፋርማሲ ስሄድ ያ ሰው እጁን ወደ መደርደሪያው ሲሰድ ገና «አይደለም» እላለሁ።

ዘንድሮ ሀርሺን ልትሄድ ተነሳች። ሴት ልጇ እዚያ ከብትና ግመል ታረባለች፤ ወልዳለች። ሌሊቱን አልተኛሁም። ገጠር ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ትልቅ ገበታ ይቀርባል፤ አልበላም ማለት ነውር ነው፤ ሐኪም ሩቅ ነው። የምትበላውን በፌስታል ቋጥሬ፣ ለልጇ የምትነግራትን ደጋግሜ ነግሬ ሸኘኋት። በመኪናው መስኮት «ሂጂ ቤትሽ ግቢ፤ ሆድሽ ይዘጋል» ብላ ሳቀችብኝ።

ሁለት ቀን ስልኳ አልሠራም። ሥራ ቦታ ሁለት ጊዜ ያልተፈለገ መዝገብ አቀረብኩ። በሦስተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ደወለች። ከኋላዋ ፍየሎች ይጮኻሉ።

«በላሽ?» አልኳት ሰላም ሳልል።

«በላሁ። ጥቂት። ሥጋውን ለሰው አሻገርኩት። የግመል ወተት ሰጡኝ፤ በሦስት ጊዜ ጠጣሁት። ደህና ነኝ። ሕፃኗ ግን ጠብታ ወተት ስታገኝ መልሳ ታወጣዋለች፤ እናቷ ተጨንቃለች። ያ ሐኪም ስልኩን ያነሳል አሁንም?»

«ያነሳል።»

«እንግዲያው ጠይቂውና መልሰሽ ደውዪልኝ። ስንት ጊዜ እንደምታስመልስ፣ ወተቱ ምን እንደሚመስል፣ ሁሉንም ልንገርሽ። ጻፊ።»

ከጠረጴዛው ላይ ወረቀት ሳብኩና መጻፍ ጀመርኩ።